ስለት

ስድሳ ሦስት ቢላዋ አለኝ፣ አንዱም ዳቦ አልቆረሰ፤
ቀይ ከፈይ ላይ ተኝቶ፣ በመስታወት ስር፣ ዘይት እየለበሰ።
ሚስቴ በሕይወት ሳለች ሽንኩርት የምትከትፍበት አጥታ
ከጎረቤት ትዋስ ነበር፣ በሬን በቁጣ ዘግታ።

ፑኮ ይባላል ባገሬ፤ አጭር ነው፣ መታጠፍ የማያውቅ፣
እስከ እጀታው ጭራ አንድ ብረት፣ ከወገብ የማይርቅ፤
እጀታው የነጭ ዛፍ ልጥ፣ እንደ ሳንቲም ተደራርቦ፣
በነሐስ ቀለበት ታስሮ፣ በሰም ታሽቶ፣ ወዝ ጠግቦ።
የእኔዎቹ ሁሉ የኤልየል ናቸው፣ የወፍጮው ወንዝ ዳር ቀጥቃጭ፣
ቃሉ አጭር፣ መዶሻው ረጅም፣ ሳይጠጣ ሰው ገላማጭ።

ማህተሙ ትንሽ ጥድ ናት፣ አምስት ቅርንጫፍ ያላት፣
ከነሐሱ አንገት በላይ በአንድ ምት የሚያትማት።
አንድ የበረዶ ወራት ማህተሙ ከጫፉ ተሸረፈ፤
ሌላ እስኪያስቀርጽ ድረስ በዚያው እየመታ አሳለፈ።
ባለ አራት ቅርንጫፎቹ እነዚያ ናቸው። ስንት? ማን ያውቃል።
በዕድሜዬ ሁለት አይቻለሁ፤ የሰው ናቸው፣ ሲያስቡት ያቃጥላል።

ሐሰተኛም ሞልቷል። አምስተኛዋን በብየዳ የሚደፍን፣
በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በኮምጣጤ የሚያጠይም ብረቱን።
ጀማሪ የጎደለችዋን ያያል፣ እሷ ላይ አፍጥጦ ይቀራል፤
እኔ አራቱን እጠይቃለሁ፤ የጎደለ ምን ይናገራል?
ብረቱ ከተፋቀ የቀሩትም ይሳሳሉ፣
ካልተፋቀ ግን ጥፍር ይይዛሉ።

ሐሙስ ዕለት ሌምፒ መጣች፣ ከሐይቁ ማዶ፣ በበረዶ ላይ፣
ሁለት ጆሮዋ በብርድ ቀልቶ የበሰለ ቲማቲም መሳይ።
በጋዜጣ የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤
የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆበታል። "እየው" አለች።

አጉሊ መነጽሬን አነሳሁ።
አንድ።
ሁለት።
ሦስት ቅርንጫፍ። አራት።
ከዚያ ባዶ ብረት፣ ለስላሳ፣ መዶሻ ያልነካት።
በጥፍሬ ዳሰስኳቸው፤ ያዙኝ አራቱም።
አፌ ደረቀ፤ ግን ምንም አላልኩም፤
ሰብሳቢ ሲደሰት ያዛጋል፣ ዋጋ እንዳይነበብ በፊቱ።
አገላበጥኩት። ወይ ጉድ! የት ገባ ስለቱ?
ሞረድ በልቶት፣ ድንጋይ ልሶት፣ ሃምሳ ዓመት ተስሎ ተስሎ
የአይጥ ጅራት አክሏል፣ የወርዱ ግማሽ ጎድሎ።
"ሳትነኩት ብታስቀምጡት ኖሮ፣" አልኳት፣ "ጀልባ ከነሞተሩ ያወጣ ነበር።"
ሳቀች። "ዓሣውን ታዲያ በጥርሳችን እንቅደድ ነበር?"

እጀታውን ልጨብጥ ስል እጄ አልገጥም አለ፤
የአውራ ጣት ማረፊያው ጎድጉዶ በማላውቀው ጎን ዋለ።
ለግራ እጅ! ኤልየል ለግራ እጅ ሠርቶ አያውቅም፤
በአርባ ዓመት መዝገቤ እንዲህ የሚል መስመር የለም።

"አባቴ ከጦር ግንባር ቀኝ እጁን ትቶ ነው የመጣ፤
እናቴ ተስላ ነበር፣ 'ብቻ ከነነፍሱ ይምጣ፣
ዳግም የሚይዘው ብረት ከዓሣ ደም ሌላ እንዳይቀምስ' ብላ፤
ያንን ስለት ነው ኤልየል የቀጠቀጠላት፣ ሁለት ጆንያ ድንች አስከፍሏት ኋላ።"

ቁጥር ጠራሁ። ሌላ ጠራሁ። ሦስተኛው የቤቴን ግማሽ ያህላል።
"ዋጋ ማን ጠየቀህ?" አለች። "ደንዟል። ድንጋይ አለው ብለውኛል፤
እኔ ጣቴን ያመኛል።
ይሳልልኝ ብዬ ነው የመጣሁ።"

ሠላሳ ዓመት ድንጋይ አልነካሁም። በእኛ ወግ ነውር ነው፤
አንዲት ፀጉር ታህል ብረት መፋቅ ታሪክ እንደ መፋቅ ነው።
ከምድር ቤት አወጣሁት፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ በውሃ አራስኩት፤
እጄ እየተንቀጠቀጠ የዚያችን እናት ስለት በግራዬ ያዝኩት።
ፍቅ፣
ፍቅ፣
ጥቁር ውሃ በድንጋዩ ጠርዝ ይንጠባጠባል፣
አራቱ ቅርንጫፍ ከላይ ሆኖ ያየኛል።
ሌምፒ ጋዜጣዋን ቀድዳ ሞከረችው። "ይበቃል፣" አለች፣ "ይበቃኛል።"

ማታ መዝገቤን ከፍቼ "ጥድ፣ ባለ አራት፣ ለግራ እጅ" ብዬ ጻፍኩ።
"ባለቤት" በሚለው ዓምድ ሌምፒን አሰፈርኩ።
"ይዞታ" የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ ቆየሁ፣ ብዕሬን ነከስኩ፤
"የተሳለ" ብቻ አልኩ።